«ዋንዛ፣ አንደኛ ደረጃ»፦ ለዲዛይን እንጨት ስንመርጥ የሚነሡ የሥነ ምግባርና የተፈጥሮ ሀብት ጥያቄዎች

ለፋካልቲው ማኅበረሰብና ለተጋባዥ እንግዶች በቃል ከቀረበ ገለጻ የተዘጋጀ ጽሑፍ



የሕንፃና የቤት ዕቃ ዲዛይን ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት እጅግ ብዙ የሥራ ዝርዝር አንብቤአለሁ። ከእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚደጋገም አንድ መስመር አለ፤ «ዋንዛ፣ አንደኛ ደረጃ፣ በቫርኒሽ የተጠናቀቀ» የሚል። በሩ ዋንዛ ነው፣ የደረጃው መደገፊያ ዋንዛ ነው፣ የስብሰባው ጠረጴዛም ዋንዛ ነው። ጸሐፊው ለምን ዋንዛን እንደ መረጠ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የተለመደ ስለሆነ» የሚል ነው። የዛሬው ገለጻዬ ያችን አንዲት መስመር የሚመለከት ነው። መስመሯ ስትጻፍ አንድ ደቂቃ አትፈጅም፤ ነገር ግን የት ያለ ዛፍ እንደሚወድቅ፣ ማን እንደሚቆርጠው፣ ማን አቧራውን እንደሚተነፍስ፣ ዕቃውም ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የምትወስነው እርሷ ናት።

አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። የዛፍ ዝርያዎችን «የተፈቀደ» እና «የተወገዘ» ብሎ በሁለት ዓምድ መደርደር ለዲዛይነር አይበቃውም። ያው አንዱ የዋንዛ ጣውላ፣ ከገበሬ ማሳ ሲመጣና ከተፈጥሮ ደን ሲመጣ፣ በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ስለዚህ ልናውቀው የሚገባው እንጨቱ ከበቀለበት መሬት አንሥቶ ዕቃው እስከሚጣልበት ቀን ድረስ ያለውን ጉዞ ነው።

ከዋንዛ ልጀምር፤ ስሙ በአርእስቱ ላይ ያለው እርሱ ነውና። ዋንዛ በሳይንሳዊ መጠሪያው ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል። አናጢዎች የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደቱ መካከለኛ ነው፤ በመላጊያ ሲላግ አያስቸግርም፤ በወጉ ከደረቀ እምብዛም አይጣመምም፤ ምስጥም እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይደፍረውም። የልቡ ቀለም ወደ ቀይ ቡኒ የሚያደላ ሲሆን ዕድሜ ሲጨምር ውበቱ ይጎላል። ከበሮ፣ ሙቀጫ፣ ቀፎ፣ አልጋና ሣጥን ሲሠራበት ኖሯል። በሕይወት ቆሞ ሳለ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ነጭ አበባው ለንብ ቀለብ ነው፣ የሚያጣብቀውን ጣፋጭ ፍሬውን ሕፃናት ይበሉታል፣ የሚረግፈው ቅጠሉ አፈሩን ያለመልማል። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በከፋ ከቡናው በላይ ጥላ ሆነው ከሚቆሙት ዛፎች አንዱ እርሱ ነው። እንግዲህ አንድ የቆመ ዋንዛ ለባለቤቱ በየዓመቱ የሚከፍል ሀብት ነው፤ ሲቆረጥ ግን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «የእንጨት ዋጋ» ስንል የመርካቶውን የጣውላ ዋጋ ብቻ የምናስብ ከሆነ የመጀመሪያውን ሒሳብ ዘንግተነዋል ማለት ነው።

ዋንዛ ከአገር በቀል ዛፎቻችን መካከል በአንጻራዊነት ፈጥኖ የሚያድግ ነው። እንክብካቤ ካገኘ፣ የተከለው ሰው በራሱ ዕድሜ ለጣውላ ሲደርስ ሊያየው ይችላል። ዝግባ እንዲህ አይደለም፤ ዝግባን ለትልቅ ጣውላ የሚያደርስ ሰው ለልጅ ልጁ የተከለ ሰው ነው። የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶና ቀረሮም በየራሳቸው ምክንያት ቶሎ የማይተኩ ናቸው። ጥቁር እንጨት የምንለው ፕሩነስ አፍሪካና ደግሞ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ በመላው አፍሪካ ክፉኛ ተመንጥሯል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ላይ ሰፍሯል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል አገር ናት።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 542፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1065 ተተክተዋል። የመጨረሻው አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን በማለት የባለቤትነት ዓይነቶችን ለይቶ እውቅና ሰጥቷል። ለዲዛይነር ዋናው ቁም ነገር ይህ የባለቤትነት ልዩነት ነው፤ ግለሰብ በይዞታው ያለማው ዛፍና ከተፈጥሮ ደን በድብቅ የተቆረጠ ዛፍ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

በገበያው ላይ ግን አንድ ናቸው። ግንዱ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ በኋላ ከየት እንደመጣ በዓይን ሊለየው የሚችል ሰው የለም። እዚህ ላይ የማይመች ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። አንድ ገበሬ በማሳው ድንበር ላይ የበቀለውን ዋንዛ ለመሸጥ የመቁረጫ ፈቃድና የማጓጓዣ ይለፍ ማውጣት፣ በየኬላውም መጠየቅ ይኖርበታል። የዚያው ገበሬ ባሕር ዛፍ ግን በየዕለቱ በጭነት መኪና ሲያልፍ ብዙም የሚያስቆመው የለም። ገበሬው የሚያስብ ሰው ነውና በሚቀጥለው ክረምት የሚተክለው ያላስቸገረውን ዛፍ ነው። እንዲያውም በማሳው ላይ በራሱ የበቀለውን የዋንዛ ችግኝ ሳያድግ ሊነቅለው ይችላል፤ ትልቅ ከሆነ የእርሱ መሆኑ ያጠራጥራልና። ዛፉን ለመጠበቅ የተጻፈ ሕግ በዚህ መንገድ ዛፉ እንዳይተከል ምክንያት ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ይህን ስል ክልከላው ይነሣ ማለቴ አይደለም። ቁጥጥሩ ቢላላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በደቡብ ምዕራብ የቀረው የተፈጥሮ ደናችን ነው። የምለው፣ «አገር በቀል እንጨት ፈጽሞ አልነካም» የሚለው አቋም ንጹሕ መስሎ ቢታይም የተከለውን ገበሬ ከገበያ የሚያስወጣ መሆኑን ነው። በሌላ በኩል «ገበያ ላይ ካለ ይፈቀዳል» የሚለው አቋም የደን ዘራፊውን ያበረታታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብና አድካሚ ነው፤ ዋንዛን በጥቂቱ፣ ምንጩን በሰነድ አረጋግጦ፣ በሚታይበትና በሚገባው ቦታ ብቻ መጠቀም። በወለል ሥር ለሚቀበር ወራጅ፣ ለአርማታ ማቀፊያ ወይም በዘይት ቀለም ለሚሸፈን በር ዋንዛ ማዘዝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በሐር ጨርቅ ወለል እንደ መወልወል ያለ ነው። ዝግባን፣ ጥድን፣ ኮሶን፣ ቀረሮንና ጥቁር እንጨትን ግን አዲስ ተቆርጠው ከሆነ በሥራ ዝርዝራችን ውስጥ ልናስገባቸው አይገባም እላለሁ። ከአሮጌ ቤት የወጡ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

«በጥቂቱ» የሚለውን ቃል በቁጥር ልግለጸው። 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ የስብሰባ ጠረጴዛ ገጽ አስቡ። በ4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከዋንዛ ጣውላ ብቻ ቢሠራ 0.115 ሜትር ኩብ የተዘጋጀ እንጨት ይፈልጋል። ከግንድ እስከ ጣውላ ባለው ሂደት ከግንዱ ግማሽ ያህሉ በልጥ፣ በቁርጥራጭና በሰጋቱራ መልክ ይባክናልና የሚወድቀው ግንድ ከዚህ እጥፍ ነው። ያው ጠረጴዛ ተጣብቆ ከተሠራ የባሕር ዛፍ ገበታ ቢዘጋጅና ሁለቱም ገጾቹ በ1 ሚሊ ሜትር የዋንዛ ልባጥ ቢሸፈኑ የሚያስፈልገው ዋንዛ 0.006 ሜትር ኩብ አይሞላም፤ ማለትም 20 እጥፍ ያንሳል። ጠርዙን ደግሞ ወፈር ባለ የዋንዛ ዘንግ ብናስገባው ገጹ በአገልግሎት ሲጎዳ ጠርዙ ይጠብቀዋል። ልባጥ «የውሸት እንጨት» ነው የሚል አመለካከት በደንበኞቻችን ዘንድ አለ። ይህን አመለካከት መለወጥ የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፍ ልለፍ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው፣ የእንጦጦና የአካባቢው ደን ለማገዶና ለግንባታ አልቆ አዲስ አበባ በእንጨት እጦት በተጨነቀችበት ጊዜ ነበር። ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት የደረሰውም በዚሁ ችግር ነበር። ባሕር ዛፉ ባይመጣ ኖሮ በመሐል አገር የቀሩት ጥቂት አገር በቀል ዛፎች ዛሬ ስለ መኖራቸው እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ውኃ ጠጪና መሬት አድራቂ ብቻ እያሉ የሚያወግዙትን ስሰማ ፍርዱ ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ በምንጭ ዳር፣ በረግረግ ላይ ወይም ለእህል በሚሆን ለም ማሳ ላይ መተከል የለበትም፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በቀላሉ አያበቅልም። ቅሬታው ዛፉን ከሚመለከተው ይልቅ የተከልንበትን ቦታ ይመለከታል።

ለዲዛይነር የሚቀርበው ክስ ግን ሌላ ነው፤ «ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ለቤት ዕቃ አይሆንም» ይባላል። ይህ እውነት የሚሆነው በምንይዘው አያያዝ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ በቁመቱ እያደገ ሳለ በግንዱ ውስጥ ከፍተኛ ውጥረት ያከማቻል፤ የግንዱ ውጪ ክፍል ተስቦ፣ መሐሉ ተጨምቆ ይኖራል። ሲቆረጥ ውጥረቱ ድንገት ይለቀቅና ጫፉ ይተረተራል። በዚያ ላይ የጅማቱ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ነው። እንጨት ሁሉ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ነገር ግን የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተርበት መጠን ከመሐል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው በግርድፉ እጥፍ ነው፤ በባሕር ዛፍ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። አጣናውን ገና በአምስትና በስድስት ዓመቱ ቆርጠን፣ እርጥብ እንዳለ ሰንጥቀን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በሳምንቱ በር ሠርተን ስናበቃ «እንጨቱ ከዳን» እንላለን።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ዛፉ ለጣውላ የሚሆን ውፍረት እስኪይዝ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል መጠበቅ አለበት። ከተቆረጠ በኋላ የግንዱ ጫፎች በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ተደፍነው ሳይዘገይ ይሰነጠቃል። አሰነጣጠቁ ከመሐል ወደ ቅርፊት ያለውን መስመር ተከትሎ ቢሆን ጣውላው መጣመሙ ይቀንሳል፤ የግንዱ እምብርት ደግሞ ይጣላል። ከዚያ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ማለያያ ዘንጎች ገብተው ይደረደራል፤ ከላዩም ክብደት ይጫንበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ እንዲደርቅ ማድረግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ውስጡ ሳይደርቅ ውጪው ከደረቀ ሕዋሶቹ ይጨፈለቃሉ። ከወራት የአየር ማድረቅ በኋላ ወደ ማድረቂያ ክፍል ቢገባ፣ ተቆራርጦ ጉድለቱ ከወጣለትና በኮላ ከተጣበቀ ጽኑ ገበታ ይወጣዋል። በአውስትራሊያ፣ በብራዚልና በኡራጓይ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ለወለልና ለቤት ዕቃ ያገለግላሉ። እኛ ከመቶ ዓመት በላይ አብረነው ኖረን ከአጣናና ከማገዶ በላይ አልተመለከትነውም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ገበያው ነው። ገበሬው በስድስት ዓመቱ ለአጣና የሚሸጠውን ዛፍ ሃያ ዓመት እንዲያቆየው ወፍራሙን ግንድ በተሻለ ዋጋ የሚገዛው ሊኖር ይገባል። መሰንጠቂያው ማድረቂያ እንዲገዛ የደረቀ ባሕር ዛፍ የሚጠይቅ ደንበኛ ያስፈልገዋል። ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ የሥራ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ባለሙያ ነው። እርጥበቱ ከ12 እስከ 14 ከመቶ እንዲሆን መጻፍና በርክክብ ጊዜ በመለኪያ መፈተሽ ከአንድ ሙሉ የደን ስብከት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች አማራጮች አሉ፤ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። የፈረንጅ ጥድ በሻሸመኔና በሙኔሳ አካባቢ ሰፊ የተከላ ደን አለው። ሳይንሳዊ ስሙ ፖርቱጋልን ያስጠራል፤ የትውልድ አገሩ ግን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ እኛም «የፈረንጅ» አልነው፣ እንግዲህ ሁላችንም ስሙን በግምት የሰጠን ይመስላል። ለቀላል መዋቅርና ለውስጥ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ጉጡ ይበዛል። ግራቪሊያ በማሳ ድንበርና በቡናና በሻይ እርሻ ላይ የሚተከል ሲሆን በትክክል ሲሰነጠቅ ገጹ ላይ እንደ ዳንቴል ያለ ውብ ምስል ይወጣዋል። ነገር ግን አንዳንድ ሠራተኞችን ቆዳቸውን ያሳክካል፤ ያለ ጓንት መሥራት አይገባም። ቀርከሃን በተመለከተ አገራችን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የተፈጥሮ ቀርከሃ አላት። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ በአግባቡ ከተቆረጠም ከሥሩ መልሶ ይተካል። ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ካልታከመ በጥቂት ዓመት ዱቄት ይሆናል። በእንጅባራና በሲዳማ ደጋ የሚሠሩት ባለሙያዎች እጅ ያለውን ዕውቀት ስቱዲዮዎቻችን ገና በቅጡ አልተማሩትም።

አሁን ብዙ ተማሪ «እንግዲያስ ዛፍ ሳንነካ ኤምዲኤፍ እንጠቀም» ይላል። ኤምዲኤፍ ከዛፍ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እንጨቱ ተፈጭቶ በሙጫ ተጨምቆ ነው ገበታ የሚሆነው፤ ዛፉ የት አገር፣ ከምን ዓይነት ደን እንደተቆረጠ ግን በመደብሩ ውስጥ የሚነግረን የለም። ብዙውን ጊዜ ሙጫው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ፎርማልዴሃይድን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የልቀት ደረጃው ያልተገለጸ ርካሽ ገበታ በጠባብና በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ማስገባት የቤቱን ሰዎች ጤና በጨረታ ዋጋ መለወጥ ነው። ተማሪው በሌላ አቅጣጫ ትክክል ነው፤ ከተፈጨ ቁርጥራጭና ከሰጋቱራ የሚሠራ ገበታ፣ ጥሬ ዕቃው ቆሻሻ ሆኖ ይጣል የነበረ ከሆነ፣ የደን ጫናን በእርግጥ ይቀንሳል። ጉድለቱ ዕድሜው ነው። ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ መልሶ አይይዝም፤ ስለዚህም አይጠገንም።

ጤናን ካነሣን፣ የእንጨት ሥነ ምግባር ሲነሣ ሁልጊዜ ስለ ዛፉ ተነጋግረን ስለ አናጢው የምንረሳው ነገር አለ። ያው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራን ራሱን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በአፍንጫና በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ ክፍተቶች ላይ ነው በተለይ የታየው። በየሰፈሩ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩትን የእንጨት ሥራ ማኅበራት ጎብኙ። አቧራ መሳቢያ የለም፤ አፍን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ መሥራት የተለመደ ነው፤ መጋዙ መከለያ የለውም። እኛ ደግሞ በጠራ ወረቀት ላይ ጠርዙ የተጠማዘዘ፣ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ የሚፈገፈግ፣ በተረጨ ቫርኒሽ የሚያንጸባርቅ ዕቃ እንስላለን። እያንዳንዷ ጥምዝ በአንድ ሰው ሳንባ የምትከፈል ናት። በላግ ብቻ ሊጠናቀቅ የሚችልን ገጽ ማስፈግፈግ፣ በዘይትና በሰም ሊጠበቅ የሚችልን በመርጨት መሣሪያ ማስቀባት የእኛ ምርጫ እንጂ የእንጨቱ ፍላጎት አይደለም። በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለአቧራ መሳቢያና ለመተንፈሻ ጭምብል ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ካልሰጠን ተጫራቹ በራሱ ፈቃድ እንደማይገዛው የታወቀ ነው።

በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሰኒክ የታከመ ምሰሶም ሌላው ጉዳይ ነው። ለኤሌክትሪክ መሥመር ሲቆም ዓመታትን ያስቆጥራል፤ ዕድሜው ሲያበቃ ግን ለአጥርና ለወንበር፣ አልፎም ለማገዶ ይውላል። ጭሱና አመዱ መርዛማ ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት ምግብ በሚበላበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ወይም እሳት ባለበት ሥፍራ መልሶ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ካርቦን የሚነገረውን በጥንቃቄ እንድትሰሙ እመክራለሁ። የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ደረቅ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ቢሆን 250 ኪሎ ግራም ካርቦን ይዟል፤ ይህም ከከባቢ አየር ከተወሰደ ወደ 917 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ «እንጨት አየሩን ያጸዳል» ይባላል። ሒሳቡ የሚሠራው ግን በሁለት ሁኔታ ነው፤ በተቆረጠው ምትክ ሌላ ዛፍ ሲያድግና ዕቃው ሳይቃጠልና ሳይበሰብስ ሲቆይ። የመቶ ዓመት ዛፍ ቆርጦ ለስምንት ዓመት የሚያገለግል ቁም ሣጥን የሠራ ሰው አየሩን አላጸዳም፤ የመቶ ዓመት ቁጠባ በስምንት ዓመት አውጥቷል። በግሌ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ዕቃው ቢያንስ ዛፉ ለማደግ የፈጀበትን ዘመን ያህል መኖር አለበት። በዚህ መለኪያ የስድስት ዓመት ቀርከሃ ለዐውደ ርእይ ማሳያ ይፈቀዳል፣ ዝግባ ግን አይፈቀድም።

የረጅም ዕድሜ ምሥጢር በቫርኒሽ ውስጥ እንዳልሆነ የራሳችን ሥነ ሕንፃ ያስተምረናል። በደብረ ዳሞና በላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተሠሩትን ግድግዳዎች አስተውሉ። የአክሱም ሐውልቶችም ይህን የእንጨት ወራጆች ጫፍ፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለውን፣ በድንጋይ ቀርጸው አስቀርተውልናል። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ስለ ተሠራ ዝናብ አያገኘውም፤ እንጨቱ ዘመናትን የተሻገረው ውኃ ስላልነካው ነው። ዛሬ እኛ የበሩን ግርጌ በቀጥታ በሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጠን፣ ጣሪያውን አሳጥረን፣ ከዚያ በኋላ ምስጥ የማይበላው እንጨት ፍለጋ ወደ ደን እንሄዳለን። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና የጣሪያውን ጠርዝ ግማሽ ሜትር ማውጣት ፈረንጅ ጥድን የጥድን ያህል ያኖረዋል ባልልም፣ ለብዙ ሥራ የሚበቃ ዕድሜ ይሰጠዋል።

አሮጌ ቤቶች በሚፈርሱበት በዚህ ጊዜ ከመዲናችን መንደሮች የሚወጣው የጥድ ወራጅና የዝግባ ጣውላ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ጥቂቱ በምን አለሽ ተራ በኩል አዲስ ባለቤት ያገኛል፤ ብዙው ለማገዶ ይውላል። ለዘመናት የደረቀ፣ ከእንግዲህ የማይጣመም፣ ዳግመኛ ልንቆርጠው የማይገባን እንጨት ነው። ችግሩ መጠኑ የተለያየ፣ ምስማር የበዛበትና በሥዕላችን ልክ የማይመጣ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ሥዕል ሥሎ እንጨት ከመፈለግ፣ አስቀድሞ ያለውን እንጨት ለክቶ ሥዕሉን ለእርሱ ማስማማት የሚችል ዲዛይነር ግን በዚህ ከተማ ውስጥ ሀብታም ነው።

የምስክር ወረቀትን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የደን አስተዳደር ምክር ቤት፣ በአጭር ስሙ ኤፍኤስሲ፣ እንጨቱን ከደኑ እስከ መደብሩ የሚከታተል ሥርዓት ዘርግቷል። የውጭ ገበታ ስንገዛ ይህን ምልክት መጠየቅ ተገቢ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ እንጨት፣ ቡናም ጭምር፣ ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል፤ ምርቱ የበቀለበት ቦታም በካርታ ላይ እንዲታወቅ ይጠይቃል። መልካም ነው። ነገር ግን አሥራ አምስት ዋንዛ ያለው ገበሬ የምስክር ወረቀቱን ወጪ አይችለውም። ወረቀት የሌለውን ሁሉ ከሥራችን ብናስወጣ የሚቀሩልን ትልልቅ አምራቾች ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ገበሬዎች የቀበሌውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ የመቁረጫ ፈቃዱንና የይለፍ ወረቀቱን ማየት፣ ከተቻለም መሰንጠቂያውን በአካል መጎብኘት ከማኅተሙ ይልቅ አስተማማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በምመራቸው ስቱዲዮዎች ውስጥ ተማሪዎች በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ከእንጨቱ ስም ቀጥሎ አራት ነገር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፤ ምንጩንና ሰነዱን፣ ብክነቱን ጨምሮ መጠኑን በሜትር ኩብ፣ ሲሰበር በምን መንገድ እንደሚጠገን፣ በመጨረሻም ሲያረጅ ምን እንደሚሆን። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። «ሰነዱን ከየት እናመጣለን?» ይላሉ፤ ሲፈልጉ ግን መሰንጠቂያ ቤት ይሄዳሉ፣ ከነጋዴው ጋር ይከራከራሉ፣ ግማሾቹም ሐሳባቸውን ቀይረው ይመለሳሉ። ባለፈው ከገመገምኳቸው ሥራዎች በአንዱ ላይ ያችው የድሮዋ መስመር እንዲህ ተጽፋ አገኘኋት፦ «የጠረጴዛ ገጽ፤ ተጣብቆ የተሠራ ባሕር ዛፍ፣ እርጥበት 12 ከመቶ፣ በርክክብ ጊዜ የሚለካ። ልባጥና ጠርዝ፤ ዋንዛ፣ ከገበሬ ይዞታ፣ የመቁረጫ ፈቃድና የይለፍ ወረቀት ቅጂ ከደረሰኝ ጋር የሚቀርብ። አጨራረስ፤ በላግና በተልባ ዘይት። ጠርዙ ተፈትቶ የሚቀየር»።

ለጥያቄና ለውይይት ሠላሳ ደቂቃ ያህል ስላለን እዚህ ላይ አቆማለሁ። በተለይ የደን ሳይንስ ባልደረቦቼ በዋንዛ ጉዳይ ያነሣሁትን እንዲሞግቱኝ እፈልጋለሁ።